ለዝንብ ስም ማውጣት፣ የዝንብ ስም መሰረዝ

በሥነ ነፍሳት የዶክትሬት ትምህርት ወደ ደቡብ ታይላንድ ስሄድ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «አዲስ ዝርያ ታገኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የተገኘውን ትሰርዛለህ?» ያለኝ የለም። ሥራዬ ግን በአብዛኛው ወደ መሰረዙ ያደላ ሆነ፤ ለእኔ ክብደቱም ጥቅሙም ያለው እዚያ ነው።

ነገሩ የሚዞረው በአንድ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው፤ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ይባላል። ከቤት ዝንብ ብዙም አይበልጥም፤ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ቢጫ መስመር፣ ሆዱ ላይ ጥቁር የ«ቲ» ምልክት አለው። በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሄንደል የተባለ ኦስትሪያዊ ሊቅ ከታይዋን በመጣ ናሙና ገለጸው። በ1994 ድሩ እና ሃንኮክ የተባሉ ተመራማሪዎች እሱን የሚመስሉትን የእስያ ዝንቦች አንድ ላይ ሲያጠኑ 52 ዝርያ ቆጠሩ፤ 40ዎቹ አዲስ ነበሩ። ፓፓዬ፣ ፊሊፒኔንሲስ፣ ካራምቦሌ የሚባሉት ስሞች የወጡት ያኔ ነው። በ2003 ኬንያ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ዝንብ ተያዘ፤ በ2005 ኢንቫዴንስ ተባለ። አገራችን ገብቶ ማንጎ የሚያበሰብሰው ይኸው ነው። በ2015 ከብዙ አገር የተውጣጡ ተመራማሪዎች ፓፓዬን፣ ፊሊፒኔንሲስንና ኢንቫዴንስን ጠቅልለው «ሁሉም ዶርሳሊስ ናቸው» አሉ። እኔ የደረስኩት ከዚህ በኋላ ነው። የተሰጠኝ ሥራ ውሳኔው እኛ በሰበሰብናቸው ዝንቦች ላይ ይጸና እንደሆነ መፈተሽ፣ ከዚያ የተለየ ካለም ለይቶ ማውጣት ነበር።

ወንዶቹን መያዝ ቀላል ነው። ጥጥ ላይ ሜቲል ዩጅኖል የሚባል ወንዶቹን የሚስብ ቅመም ጠብ አድርጎ ወጥመድ ውስጥ መስቀል በቂ ነው፤ ከያሉበት ይጎርፋሉ። (ይህ ቅመም በበሶብላ ዘይት ውስጥም አለ። ከወጥ ቤት ጋር የሚያገናኘን ነገር እንዳለ ሳውቅ ደስ አለኝ።) ሴቶቹ ግን ወደዚህ ወጥመድ አይመጡም። እነሱን ለማግኘት የወደቀ ዘይቱና፣ ማንጎና ፓፓያ እየለቀምኩ በአሸዋ ላይ አስቀምጥ ነበር። ትሉ ፍሬውን በልቶ ሲጠግብ ወጥቶ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ወዲያው የወጣን ዝንብ ገድሎ መርፌ ላይ መሰካት አያዋጣም፤ ቀለሙ ገና አልበሰለም። ስኳርና ውኃ እየሰጡ ጥቂት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

ይህ ለቀማ አሰልቺ ይመስላል፤ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ከአንዲት ሴት የተወለዱ ዝንቦች የደረታቸው ቀለም ከጥቁር እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ይለያያል፤ በአንድ ቤት ጠይምም ቀይ ዳማም እንደሚወለደው ማለት ነው። ወጥመድ ውስጥ ብቻ አግኝቻቸው ቢሆን በቀለማቸው በየሳጥኑ እከፋፍላቸው ነበር። የዘር ሐረጋቸው በእጄ ስላለ ግን ቀለሙ ብቻውን ድንበር እንደማይሆን ለማስረዳት ሌላ ክርክር አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ ልኬት መጣ። ፓፓዬ ከዶርሳሊስ ይለያል የተባለው ከሌሎች ምልክቶች ጋር በወንዱ ብልት ርዝመት ነው፤ የፓፓዬው ይረዝማል። የሆዱን ጫፍ በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ አለስልሶ፣ እንደ ክር የተጠቀለለውን ብልት ዘርግቶ በማይክሮስኮፕ መለካት ትንፋሽ ያስይዛል፤ ክንፉን ፎቶ አንስቶ የሥሮቹን መገናኛ በኮምፒውተር ነጥብ በነጥብ ማስፈር ግን ቢደብርም ቀላል ነው። ከባንኮክ አካባቢና ከማሌዢያ የመጡትን ብቻ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ሁለት ዝርያ ያላችሁ ይመስላችኋል። ከእኔ በፊት የማላይን ባሕረ ገብ መሬት ከሰሜን እስከ ደቡብ ተከትለው የለኩ ሰዎች ያዩት ግን ሌላ ነው፤ ርዝመቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ «እዚህ ጋ ተቆረጠ» የሚባልበት ቦታ የለም። እኔም ወጥመዶቼን የሰቀልኩት በዚሁ መካከለኛ አገር፣ ክራ በሚባለው፣ ባሕረ ገብ መሬቱ በሚቀጥንበት ወገብ ግራና ቀኝ ነው። ተማሪ «የት ልሰብስብ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ዛሬ መልሴ አንድ ነው፤ ብዙ ሰው ያልሰበሰበበትን፣ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለውን ቦታ ፈልግ።

ከልኬትም በላይ ዳኛ የሚሆኑት ራሳቸው ዝንቦቹ ናቸው። ወንዱ ሜቲል ዩጅኖልን በልቶ በሆዱ ውስጥ ለውጦ ሴት መጥሪያ ሽታ ያደርገዋል፤ ሲመሽ ይረጨዋል። ዶርሳሊስና ፓፓዬ የተባሉት የሚያወጡት ሽታ አንድ ዓይነት ነው፤ በማዳቀያ ሣጥን ውስጥም ያለ ምርጫ ይጋባሉ፤ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። ካራምቦሌ ግን ከሁለቱ የሽታ ቅመሞች አንዱን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀልም ከራሱ ወገን ጋር መጋባት ይመርጣል። ስለዚህ የ2015ቱ ውሳኔ እሱን ለብቻው ተወው። ይህ ጥሩ ልማድ ይመስለኛል፤ ጠቅላይ ሁሉን አይጠቀልልም።

ዲኤንኤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈታውም ወይ? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ከእያንዳንዱ ዝንብ አንድ እግር ቆርጠን እንልካለን፤ ቀሪው አካል መለያ ወረቀቱን ይዞ በመርፌ ላይ ይቆያል። ለነፍሳት መለያ በብዛት የሚሠራበት ዘረ መል ግን ዶርሳሊስንና ካራምቦሌን እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ሌላ ዘረ መል መጨመር ግድ ነው። እግሩን የቆረጡበትን ዝንብ መጣል ደግሞ ይቅር የማይባል ነው፤ ነገ ውጤቱን የሚጠራጠር ሰው ሄዶ የሚያየው አካል ያስፈልጋል።

ስሞች ሲጠቀለሉ የትኛው እንደሚቀር በምርጫ አይወሰንም። የእንስሳት ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ደንብ ቀድሞ ለወጣው ስም ያደላል፤ የሚቆጠረውም ከ1758 ከስዊድናዊው ሊቅ ከሊኒየስ መጽሐፍ ጀምሮ ነው። 1912 ከ1994ና ከ2005 ይቀድማል፤ ዶርሳሊስ ቀረ። የተሰረዙትም አይጠፉም፤ በመዝገብ ከስሙ ሥር ይቀመጣሉ፤ ናሙናቸውም በሙዚየም ይጠበቃል፤ ማስረጃ ከተገኘ ሊመለሱ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ ማጥለያ በኋላ አንድ ዝንብ ተረፈኝ። ከደጋማ ጫካ የመጣ ነው፤ በክንፉ ጥቁር ጠርዝም፣ በብልቱም፣ በዘረ መሉም ከማንም ጋር አልገጥም አለ። ጽሑፉ ገና በገምጋሚዎች እጅ ስላለ ስሙን አልጠራም። መግለጫው ሳይታተም በየቦታው የተበተነ ስም በደንቡ ዋጋ የለውም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ በሌላ ስም ሊያሳትመውም ይችላል። መግለጫውን ስጽፍ የተረዳሁት፣ የዝንቡን መልክ ከራስ እስከ እግር መዘርዘር ትንሹ ሥራ መሆኑን ነው። ጊዜ የበላው «ከእነማን ይለያል፣ በምን ይለያል?» የሚለው አንቀጽ ነው። ለዚህ በየሙዚየሙ ያሉትን፣ ስሞቹ መጀመሪያ የወጡባቸውን የጥንት መለያ ናሙናዎች ማየት ይጠይቃል፤ የእስያ ነፍሳት ናሙና ደግሞ በብዛት ያለው አውሮፓ ነው። ፎቶ እንዲልኩልኝ ደጅ ስጠና የከረምኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ለስሙ ተሸካሚ የሚሆነውን አንድ ናሙና ግን እዚያው ታይላንድ እንዲቀመጥ አደረግን፤ የአገሩ ተማሪ ነገ ቪዛ ሳይጠይቅ እንዲያየው።

«ለአንድ ዝንብ ስም ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ፦ በ1995 በአውስትራሊያ ኬርንስ አካባቢ ፓፓዬ በሚል ስም ተገኝቶ እሱን ማጥፋት እስከ 1999 ፈጅቷል። ዝርያው አንድ ከሆነ ግን መኻን ወንድ ዝንቦችን እያረቡ መልቀቅን የመሰለ አንድ ቦታ የተፈተነ ዘዴ ለሌላውም ይሠራል፤ ፍሬ የሚገዛ አገርም «ይህ ዝንብ እኛ ዘንድ የለም» ብሎ በስም ልዩነት ብቻ በር መዝጋት ይከብደዋል።

ክርክሩ አልተዘጋም። በ2016 ከቀድሞዎቹ ስም አውጪዎች አንዱ ያለበት ሥራ ኢንቫዴንስንና ፓፓዬን መልሶ አነሣ፤ የጠቀለሉትም መልስ ሰጡ። እኔ ያየሁት ከጠቅላዮቹ ጋር ይስማማል። አገር ቤት በዕፅዋት ጥበቃ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ «ወንድሜ፣ አሁን መለያ ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ?» አለኝ። ዶርሳሊስ ጻፍ አልኩት፤ ከጎኑ ደግሞ «ቀድሞ ኢንቫዴንስ፣ 2005» በል። አፍሪካ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የተጻፈው ያለው በአሮጌው ስም ነውና፣ አንዱን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ግማሹን አያገኝም።