ገና እና የግማሽ ዓመት ሂሳብ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

በሂሳብ ክፍል ለሚሠራ ሰው ገና ከሥራ ጥድፊያ ጋር የሚመጣ በዓል ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ የግማሽ ዓመቱ ሂሳብ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30፣ ማለትም በገና ማግስት ነው። ሌላው ዶሮና ቅቤ ሲገዛ እኛ ከዕቃ ቆጠራና ካልተሰበሰበ ሂሳብ ጋር እናመሻለን። እናቴ ደብረ ብርሃን የደፋችውን ዳቦ ላለፉት ዓመታት የቀመስኩት በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ሰው በላከችልኝ ጊዜ ነው።

የማታውን የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት ስጀምር ባለቤቴን «ሦስት ዓመት ብቻ ታገሺኝ» ብያት ነበር። ልጃችን የተወለደው በሁለተኛው ዓመት፣ በፈተና ሰሞን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲፈቅድ፣ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ ከሦስቱ በአንዱ ፈተና ተቀመጥኩበት። አዋጁን መውቀስ ይቀለኛል፤ ነገር ግን የዓመት እረፍቴን ሳልነካ ለመመረቂያ ጽሑፌ አስቀምጬው እንደነበር ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከተመረቅኩ በኋላ ይቀላል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም። እድገት መጣ፣ ከእድገቱም ጋር እሑድ የሚጠራ ስልክ መጣ።

በፋይናንስ ትምህርት መጀመሪያ የምንማረው፣ ዛሬ በእጅ ያለ ብር ነገ ከሚመጣው ያው ብር እንደሚበልጥ ነው፤ የነገውን ገቢ በምጣኔ እየቀነስን ወደ ዛሬ ዋጋው የምንመልሰውም ለዚህ ነው። ይህን ስሌት በፈተና ያለ ስህተት የሠራሁት ሰው፣ በቤቴ ግን የዛሬዋን ምሽት ብሰጥ የነገው ሰፊ ጊዜ ዋጋው ሳይጎድል ይጠብቀኛል ብዬ ስኖር ቆየሁ። በሁለት ዓመቱ የበሩን ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ይመጣ የነበረው ልጄ፣ ዛሬ በአራት ዓመቱ ዓይኑን ከካርቱኑ ሳይነቅል «ሰላም አባዬ» ይለኛል።

በመማሬ አልጸጸትም፤ የቤት ኪራዩም ሆነ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈነው በዚያው እድገት ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሥራንና ቤትን ስለ ማመጣጠን ከመድረክ የሚመክሩን ሰዎች፣ ቤታቸውን ማን ይዞላቸው እዚያ እንደ ደረሱ አይነግሩንም። የእኔን የያዘችው ባለቤቴ ናት፤ የራሷን የማስተርስ ትምህርት ያዘገየችውም ለዚሁ ብላ ነው። አሁን ተራው የእርሷ በመሆኑ በመጪው የካቲት የማታ ትምህርት ትጀምራለች፤ እኔም ከቢሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ልጁን ራት ላበላ ተስማምተናል። አለቃዬ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ።

ዘንድሮ ቆጠራውን ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምረን አብዛኛውን ስለጨረስን፣ በዋዜማው ሦስታችንም ወደ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ታኅሣሥ 29 ስልኬ ዝግ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለአለቃዬም እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የቀረችውን ሂሳብ በማግስቱ እንዘጋታለን።

መልካም የገና በዓል።