የሞተር ማቀዝቀዣ አጠባ በድሬዳዋ፦ እስካሁን የደረስንበት

ድሬዳዋ ውስጥ የታጠበ ራዲያተር በጥቂት ወራት ተመልሶ ሲደፈን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአጠባው አይደለም። መጨረሻ ላይ የተሞላው ውሃ ያው የቧንቧ ውሃ ስለሆነ ነው። የከተማው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሞተር ውስጥም ይጋገራል፤ በተለይ ሙቀቱ በሚበረታበት በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ዙሪያ።

ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ማንም አይንካ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 የሚይዘው ግፊት በባር ነው። በዚያ ግፊት ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግን ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። በድሬ ቀትር ሞተር ቶሎ አይበርድም፤ ሌሊቱን የቆመ መኪና ላይ ማለዳ መጀመር ይሻላል። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ሲጨበጥ ቀዝቃዛና ልል መሆን አለበት። ፋኑ (ማራገቢያው) የኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ቁልፉ ጠፍቶም ሊነሳ የሚችል ፋን አለ።

የራዲያተሩ መፍሰሻ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ ከተጠመዘዘ ይሰበራል። አልላቀቅ ካለ ተዉትና የታችኛውን ቱቦ ፋሼታ (ማሰሪያ) ፈታችሁ አፍስሱ። የሚወጣውን በሳፋ ተቀበሉ። ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ያለበት ውሃ ስለሚጣፍጥ ፍየልም ውሻም ይልሰዋል፤ ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል፣ ለሕፃንም እንዲሁ ነው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መድፋት የለም። ከተማው የሚጠጣው ከመሬት ሥር ነውና። በጀሪካን ዘግታችሁ፣ መርዝ ብላችሁ ጻፉበት፤ ከተቃጠለ ዘይት ጋርም አታቀላቅሉት።

ቅርፊቱን የሚያነሳው ሲትሪክ አሲድ ነው። ለአንድ ሊትር 25 ግራም በቂ ነው፤ 6 ሊትር ለሚይዝ ሞተር 150 ግራም ማለት ነው። መጀመሪያ በባልዲ ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፣ ቀሪውን በውሃ ሙሉ። የባትሪውን ገመድ መልሱ፣ የካቢን ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጉ። ድሬ ላይ ማሞቂያ የሚከፍት ስለሌለ ደለሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ተርሞስታቱ (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው) በቦታው እንዳለ ሞተሩን አስነሱ፤ የላይኛው ቱቦ ከጋለ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ። አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ አፍስሱ። አሲዱን አታሳድሩት፣ አሉሚኒየሙን ይበላል። በረኪናም የባትሪ አሲድም አይገባም፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ቀጥሎ ተርሞስታቱን አውጡና በጎማ ቱቦ፣ በቀላል ግፊት፣ በግልባጭ እጠቡ። ራዲያተሩን ከታች አስገብታችሁ ከላይ አስወጡ፤ ብሎኩን (የሞተሩን አካል) በተርሞስታቱ ቤት በኩል። ይህን ሁሉ የሞተሩ አካል ከበረደ በኋላ፤ የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በችኮላ የሚጠፋ ቴስታታ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለሥራው ሙሉ ቀን ያዙ። አሲዱ መውጣቱን ለማወቅ ከሚፈሰው ውሃ በብርጭቆ ቅዱና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉበት። ከተንተከተከ አሲድ አለ፣ እንደገና እጠቡ።

ተርሞስታቱን ድስት ውስጥ ውሃ እያሞቃችሁ ፈትሹት። በሽቦ አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ወለል እንዳይነካ። ላዩ ላይ 82 የሚል ከሆነ በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈቱት 95 ላይ ሲደርሱ፣ ወደ 8 ሚሊሜትር ነው። ሐረር ላይ የምትፈትሹ ልብ በሉ፦ እዚያ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ደህናው ተርሞስታትም ድስት ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ላይከፈት ይችላል። ድሬ ላይ 96 ገደማ ስለሆነ ይደርሳል። «አገሩ ሞቃት ነው» ብሎ አውጥቶ መጣልም ስህተት ነው። በብዙ ቶዮታዎች ተርሞስታቱ ሲከፈት ባይፓሱን (ራዲያተሩን የሚዘለውን መንገድ) ይዘጋል፤ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር ይመለሳል፣ ሽቅብ ላይ ያግላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሚሞላው። ስታፈሱ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ብሎኩና ማሞቂያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ ተብሎ በሚሸጠው) ይሁን፤ የሚቀረውም የተጣራ ይሆናል። የባትሪ ውሃ ስትገዙ አሲድ እንዳይሰጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ያልተበረዘ ኩላንት ካላችሁ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ሞተሩ 6 ሊትር ይይዛል፣ ያፈሰሳችሁት 3.5 ነው፣ ውስጥ 2.5 ቀርቷል። በቅድሚያ 3 ሊትር ኩላንት፣ ከዚያ 0.5 ሊትር የተጣራ ውሃ፤ ግማሽ ለግማሽ ሆነ። ግማሽ ለግማሽ ተበርዞ የሚሸጠውን ብትሞሉበት ግን ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። «በረዶ በሌለበት ኩላንት ለምን?» ለሚል፦ ዝገት ይከላከላል፣ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል። ከ60 በመቶ በላይ ግን አይሁን፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። በቀለም ብቻ አትመኑ፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ እንደ ሙጫ ይረጋሉ።

አየሩን ለማስወጣት ክዳኑን ገና በበረደ ሞተር ክፈቱ፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስነሱ፣ አረፋው እስኪያልቅ እየጨመራችሁ ቆዩ። ቱቦው ግሎ አረፋው ካላቆመ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ታጥቦ ማግስቱ የሚያፈስ መኪና «አጠባው አበላሸው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀዳዳው ቀድሞም ነበረ፣ ዝገቱ ደፍኖት ነው። የውሃ ፓምፑን ሥር ተመልከቱ። ወደ ደንገጎ አቀበት ከመውጣታችሁ በፊት ከተማ ውስጥ አንድ ቀን ነድታችሁ፣ በማግስቱ ሳይነሳ መጠኑን ለኩ፤ ከጎደለ በተጣራ ውሃ ሙሉት።