የጠዋት ሐይቅ፣ የከሰዓት ቅሬታ

ይሄ የሆነው አሜሪካ ሞንታና፣ ግሌሸር ናሽናል ፓርክ ውስጥ የቱሪስት ቫን ስነዳ ነው። እንግዶቻችን ሴንት ሜሪ የምትባል መንደር ነው የሚያድሩት፣ ቢሮ የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ ጠዋት ሜኒ ግሌሸር የሚባለው የፓርኩ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ የዋይልድ ጉስ ደሴት ማያ (ሴንት ሜሪ ሐይቅ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ደሴት የሚያዩበት ቦታ)፣ ከዛ ተራራው ላይ ያለው ማለፊያ ሎጋን ፓስ ይላል። ካርታ ላይ ስታዩት ምንም አይወጣለትም። እንግዶቹ ግን ሲመለሱ "ብሮሹሩ ላይ ያለው ሐይቅ ሌላ፣ ያየነው ሌላ" ብለው ይጽፋሉ፣ ቢሮ ደግሞ ሹፌሮቹ እያጣደፋችኋቸው ነው ብሎ በኛ ያሳብባል።

አብሮን የሚሠራ አንጋፋ የሀገራችን ሰው ነበር፣ ጋሼ ነው የምንለው። እኔ ተናድጄ ስነጫነጭ "አንተ ልጅ፣ ቫኑን እንጂ ፀሐይን ማን ይነዳታል?" አለኝ። ከዛ አስረዳኝ። ማያው ላይ ስትቆም ፊትህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባህ ሆና ተራሮቹን ታበራልሃለች፣ ከሰዓት ግን ዞራ ፊት ለፊትህ ስለምትመጣ ፎቶው ላይ ተራሮቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ፣ ደሴቷ ደግሞ ከውሃው በላይ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች ጭራሽ አትለይም። ነፋሱስ? ድሮ ግግር በረዶ (ግሌሸር የሚሉት) ቦርቡሮት የሄደ ሸለቆ ነው፣ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ የምዕራቡ ነፋስ ከተራራው ሲወርድ የሚያግደው ነገር የለም፣ ሰው ኮፍያውን ይይዛል ወይስ ስልኩን? (እዛው ቆመው "ግሌሸሩ የታለ?" የሚሉም አይጠፉም፣ ሐይቁ እኮ እሱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፣ በረዶውን ማየት የፈለገ ወደ ላይ ወደ ጃክሰን ግሌሸር ማያ መውጣት አለበት።)

ጋሼ ፕሮግራሙ ይገልበጥ ብሎ ለቢሮ አቀረበ፣ ሐይቁ በንጋት፣ ቀጥሎ ሎጋን ፓስ፣ ሜኒ ግሌሸር ከሰዓት። የሎጋን ፓስ ፓርኪንግ በበጋ በጠዋቱ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ እሱም አብሮ ይቃለላል። ማናጀሩ እምቢ አለ፣ ምክንያቱ ቁርስና የሹፌር ኦቨርታይም። ጋሼ አልተከራከረም። "እሺ፣ አንድ ቀን ከሰዓት አብረኸን ና" ብቻ አለው።

መጣ። ከቫኑ ወርዶ ብሮሹሩን ዘረጋ፣ ወደ ሐይቁ አየ፣ እንደገና ብሮሹሩን አየ፣ ነፋሱ ወረቀቱን እየገለበጠበት ፀሐይዋ አይኑ ውስጥ እየገባችበት። አንዲት እንግዳ ማናጀር መሆኑን ሳታውቅ "ፎቶውን ማን ነው ያነሳው?" ብላ ጠየቀችው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

በቀጣዩ ሳምንት ፕሮግራሙ ተገለበጠ፣ ቁርሱም በካርቶን ተጠቅልሎ ቫኑ ውስጥ ይጫን ጀመር። የፎቶ ቅሬታ ቀረ። አሁን "ለምን በሌሊት 11 ሰዓት ቀሰቀሳችሁን" የሚል ነው የሚመጣው፣ ቢሮም እሱን ለሹፌሮቹ ፎርዋርድ ያደርጋል።