ጋቢው ለምን እዚያ ተገኘ?

የአደጋው የመጀመሪያ ሪፖርት አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም ነበር። ሠራተኛው በሥልጠና የተከለከለ ልብስ ደርቦ በመገኘቱ ጋቢው በሚሽከረከር ዘንግ ተይዞ ጉዳት እንደደረሰበት፣ የአደጋውም መንስኤ የራሱ ቸልተኝነት መሆኑን ይገልጽና፣ ከሥሩ ሠራተኛው ሥልጠናውን ስለመከታተሉ የፈረመበት ወረቀት ተያይዟል። በወቅቱ በደብረ ብርሃን ዳርቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ክፍሉን የምመራው እኔ ስለነበርሁ ሪፖርቱ ለፊርማ ወደ እኔ መጣ። ወጣቱ ትከሻው ወልቆ፣ አንገቱ ተልጦ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በሕይወት የተረፈውም አጠገቡ የነበረ ባልደረባው ሮጦ ማሽኑን ስላቆመለት ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው በአንድ አንቀጽ ጥፋተኛ አድርጎ ፋይል መዝጋት አልተዋጠልኝም።

በክፍላችን በአካባቢ ጤና ዲግሪ ተመርቃ የተቀጠረች፣ ከደመወዟ ቆጥባ የውጭ አገር የሴፍቲ ሰርተፊኬት የወሰደች አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። ሪፖርቱን አንብባ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋቢው ለምን እዚያ ተገኘ?» መልሱን ለማግኘት ሌሊት ፈረቃ እንድትገባ ፈቃድ ጠየቀችኝ፤ እኔም አብሬያት ገባሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ምን እንደሚመስል ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጫኛው ትልቅ በር ለመኪኖች እንደተከፈተ ነው፤ ነፋሱም ከሜዳው ቀጥታ በማሸጊያው መስመር ላይ ያልፋል። ለሠራተኞቹ የተሰጠው ስስ ቱታ ነው። ጋቢዎቹ ምሽት ላይ የፈረቃ ኃላፊው ተዘዋውሮ እስኪያይ ድረስ ከካርቶን ክምር ሥር ተደብቀው ይቆዩና ከዚያ በኋላ ይወጣሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ለባልደረባዬ «ልጄ፣ እናንተ የምታዩን ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ማንም ጋቢ አይለብስም» አሏት። የምናስተምርበት ስላይድ «ልል ልብስ ክልክል ነው» ይላል፤ ክልከላው ትክክል ነው፤ ግን በጋቢው ፈንታ ለብርዱ ምን እንደሚለበስ የሚናገር አንድም መስመር አልነበረውም።

በነጋታው ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የጥገና ክፍል አንጋፋ መካኒክ ሜትራቸውን ይዘው መጡ። ዘንጉ ዕቃ ከሚያጓጉዘው ማስተላለፊያ (ኮንቬየር) ሥር ያለውን የማጽጃ ብሩሽ የሚያዞር ሲሆን፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱም በደቂቃ 300 ዙር ነው። ጋሼ በኖራ መሬት ላይ እየጻፉ አሰሉላት፦ በአንድ ዙር 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል፤ በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በአንድ ሰከንድ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይስባል ማለት ነው። ማቆሚያው ቁልፍ ደግሞ ከቦታው በርካታ እርምጃ ይርቃል። «እንግዲህ ሰው ደንግጦ፣ ዞሮ፣ ሮጦ ቁልፉን እስኪነካ ስንት ሜትር ጋቢ እንደሚሄድ አንቺ ቁጠሪው» አሏት። ለዓመታት ብዙ ሥልጠና ተከታትያለሁ፤ የመጠላለፍ አደጋ እንዲህ ተብራርቶ ሲቀርብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዘንጉ ሽፋን አልነበረውም ማለት አይደለም። ከላሜራ የተሠራው ሽፋን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዘንጉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ግራሶ ለመስጠት ስምንት ብሎን መፍታት፣ ከዚያም መልሶ ማሰር ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ቆሞ ምርት ሲጓደል የሚወቀሰው የጥገና ሠራተኛ ስለሆነ፣ ቀስ በቀስ ሽፋኑ ሳይመለስ መቅረቱ ልማድ ሆነ። ጋሼ ያቀረቡት መፍትሔ ግራሶ መስጫውን በቀጭን ቱቦ ከሽፋኑ ውጭ ማውጣት ነበር። ሽፋኑ ሳይነካ ግራሶ ይሰጣል፤ ለመፍታት የሚያበቃ ምክንያትም አይኖርም። ሥራው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሳቸው ወርክሾፕ ተጠናቀቀ። ከማስተላለፊያው ጎን የማቆሚያ ገመድ ተዘረጋ፤ በሩ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ለሌሊት ፈረቃም እጅጌውና ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ዚፕ ያለው ወፍራም ጃኬት ተገዛ።

አደጋን ከመነሻው ማስወገድ፣ ካልሆነ መተካት፣ ቀጥሎ በምህንድስና መከለል፣ ከዚያ በመመሪያና በሥልጠና መቆጣጠር፣ በመጨረሻም የግል መከላከያ ማልበስ የሚለውን ቅደም ተከተል ማንኛውም የሙያው ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። ባልደረባዬም ታውቀው ነበር፤ ፈተናውንም በእርሱ አልፋለች። ሆኖም ቅደም ተከተሉ ብሎንና ግራሶ ሆኖ የታያት በዚያ ሳምንት እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች። ይህ የእርሷ ጉድለት አይደለም። በአገራችን ይህ ሙያ በአብዛኛው ያደገው ከሕብረተሰብ ጤና ወገን ነው፤ ጎንደር የነበረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሳኒታሪያኖችን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችን፣ ሲያሠለጥን ኖሯል፤ የዛሬዎቹ የአካባቢ ጤና ምሩቃንም የዚያ ወራሾች ናቸው። ስለ አቧራ፣ ስለ ድምፅና ስለ ውሃ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ማሽን ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙም አይነኩም። በአንጻሩ የማሽኑን ጠባይ የሚያውቀው መካኒክ የአደጋ ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድና እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምረው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል፤ የሚመደበውን ሰው በምን መንገድ ማብቃት እንዳለብን መወሰን ግን በየድርጅቱ ያለን ሰዎች ድርሻ ነው።

ስለዚህ በክፍላችን ሁለት ነገር እንዲለወጥ ጠየቅሁ። አንደኛው፣ አዲስ የሚቀጠር ሴፍቲ ኦፊሰር ጠረጴዛ ከመረከቡ በፊት የሙከራ ጊዜውን ከጥገና ሠራተኞች ጋር፣ ሌሊት ፈረቃን ጨምሮ፣ እንዲያሳልፍ ነው፤ ይህ ያለ ብዙ ክርክር ጸደቀ። ሁለተኛው፣ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ያጠናቀቀና በጥገና ልምድ ያለው ሠራተኛ ለሴፍቲ ኦፊሰርነት እንዲወዳደር፣ ሲያልፍም ድርጅቱ ሰርተፊኬቱን ከፍሎ እንዲያስተምረው ነበር። የሰው ኃይል ክፍሉ የሥራ መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል በሚል ተቃወመ። ከረጅም ደብዳቤ ልውውጥ በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ተፈቀደና ከጋሼ ሥር ይሠራ የነበረ ወጣት ቴክኒሺያን ገባ። የመጀመሪያውን የአደጋ ምርመራ ሪፖርቱን የጻፈው ከባልደረባዬ ጎን ተቀምጦ ነው፤ እርሷ አረፍተ ነገሩን ስታቃናለት እርሱ የማሽኑን ሥዕል ይሠራላት ነበር። የመደቡ ደረጃና ደመወዝ ጥያቄ ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡትም እንዲያገለግል ተጽፎ ለማኔጅመንቱ ቀርቦ፣ እኔ ድርጅቱን እስከለቀቅሁበት ድረስ ውሳኔ አላገኘም።