ሳይታጠብ የተጠለፈ ጨርቅ

ዛሬ የጥልፍ ቡድናችንን ሲያከራክር የዋለው አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ስፌቱ እኩል፣ ሥራው የጸዳ፤ የመጀመሪያውን እጥበት ሲያይ ግን በአበቦቹ ዙሪያ ተጨማደደ። "ክሩ ከልክ በላይ ተስቦ ነው" አሉ ብዙዎቹ።

ገልብጠን አየነው። ረጃጅሞቹ ስፌቶች በመርፌ ጫፍ ሲነሱ ላላ ብለው ቀለበት ይሠራሉ። የተሳበ ክር እንዲህ አይሆንም፤ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። የተሰበሰበው ጨርቁ ነው፦ ያልታጠበ ጥጥ ላይ ውሃ የማይሰበስበው የፖሊስተር ክር ተጠልፎበታል። 1 ሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢያጥር እንኳ ክሩ አብሮት አያጥርም፣ ትርፉ ሽብሽብ ይሆናል።

"አዲስ ጨርቅ ደረቅ ስለሚል ለመርፌ ይመቻል፣ ከታጠበ ይልፈሰፈሳል" የሚሉት እውነት አላቸው። ግን መላ አለው፦ ወደፊት በሚታጠብበት ሙቀት ቀድሞ ማጠብ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ መተኮስ፣ ከዚያ ጨርቁን የሚያጠነክር ስስ ስታርች መቀባት። ስታርቹ ሥራው ሲያልቅ በውሃ ይለቃል።

ቀይ ክር ካለበት ደግሞ የክሩን ቁራጭ አርጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ነው። ቀለሙን ከለቀቀ ከመጠለፉ በፊት ይታወቅ።

ያ ሁሉ ሰዓት የተደከመበት አበባ ግን አንጀት ይበላል። በእርጥብ ጨርቅ ከጀርባው ቢተኮስም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።