መጽሐፍ ቅዱስን ደሴ ላይ ከተገዢው ወገን ሆነን ስናነብ

ደሴ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። የድኅረ ቅኝ ግዛት ንባብን፣ ማለትም መጽሐፍ ቅዱስን በተገዢ ሕዝብ ዓይን ማንበብን፣ ላስተዋውቃቸው ስነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እኛ መቼ ቅኝ ተገዛን?» የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። አካሄዱን ያጎለመሱት አውሮፓውያን የገዟቸው አገሮች ሊቃውንት ናቸው፤ እኛ ዘንድ ግን ክርስትና የገባው በኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን ትቼ በዚህ ምንባብ ገዢው ማን ነው፣ ተገዢውስ እያልኩ ጀመርኩ። ማቴዎስ 5፥41ን፣ «አንድ ምዕራፍ ትሄድ ዘንድ ማንም ሰው ቢያስገድድህ ሁለተኛውን ከእርሱ ጋር ሂድ» የሚለውን፣ አነበብን። የሮም ወታደር ያገኘውን አይሁዳዊ ጓዙን አሸክሞ ሊያስኬደው ይችል እንደነበር ስነግራቸው፣ «ሁለተኛውን ሂድ» የተባለው ተሸካሚው መሆኑ ወዲያው ገባቸው። ጣሊያን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን መደብደቡን በየቤታቸው ሰምተው ያደጉ ናቸውና።

የከበደው «ሂዱና አሕዛብን ሁሉ እያጠመቃችኋቸው ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» የሚለው ማቴዎስ 28፥19 ነው። እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። ይህን ከማንሣቴ በፊት የኔታን አማከርኳቸው። «እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሃል? ብቻ ልጆቹን ለጥል እንዳታነሣሣ» አሉኝ።

አንዲት ተማሪ «የእናቴ እናት ሙስሊም ናቸው፤ ይህ ጥቅስ በተነበበ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል» አለች። ውይይቱ የጋለው ከዚህ በኋላ ነው። አሥራ አንዱ ደቀ መዛሙርት ሲላኩ በእጃቸው ምን ነበር? ሠራዊት የላቸውም፤ አገራቸውም በሮም እጅ ናት። ያው ትእዛዝ በንጉሥ አዋጅ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል።

እኔ የተማርኩት፣ እንዲህ ያለው ንባብ ወሎ ላይ ጣሊያንን ብቻ ከከሰሰ ከንቱ እንደሆነ ነው፤ ወንበሩ የእኛ የነበረበትንም ዘመን መመርመር አለበት። ደግሞ ምንባቡ ከነአንድምታው፣ ከሊቃውንቱ ትርጓሜ ጋር፣ ይቅደም፣ ታሪኩ ይከተል። ታሪኩ ከቀደመ ፖለቲካ ይነሣና መጽሐፉ ይረሳል። ሊቃውንቱ «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈቱ ስለኖሩ፣ ሌላ ትርጓሜ መስማት ለልጆቹ እንግዳ አልሆነባቸውም።

አሁን መጽሐፈ ኢያሱ ላይ ነን። ረዓብ ለእስራኤል ሰላዮች በሯን ከፈተች፤ ከተማዋ ኢያሪኮ ስትጠፋ እሷ ተረፈች፤ የጎረቤቶቿ ልጆችስ ምን አጠፉ ብለው ተማሪዎቹ ጠይቀውኛል፤ በሚቀጥለው እሑድ የምንወያየው በዚሁ ነው።