ማታ የሚሞቅ ግድግዳ፦ ሙቀት አማቂ ጋዞችን ለልጅ ማስረዳት

ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ሙቀት አማቂ ጋዝ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው ከመመለስ ይልቅ እስኪመሽ ጠበቅሁና ፀሐይ ሲመታው ወደዋለ የድንጋይ ግድግዳ ወስጄ፣ መዳፏን ሳታስነካ ጠጋ እንድታደርግ ነገርኋት። ፀሐይዋ ጠልቃለች፤ መዳፏ ግን ሙቀት ተሰማው። «አይታየኝም፤ ግን ይመጣል» አለች። የትምህርቱ ግማሽ በዚህች አባባል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ምድርም እንደዚያ ግድግዳ ናት። የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ትሞቃለች፤ ሙቀቱንም ኢንፍራሬድ በሚባል፣ ዓይን በማያየው ጨረር ቀንም ሌሊትም ወደ ሕዋ ትመልሳለች። ለልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ግልጽ መሆን ያለበት የሚገባውና የሚወጣው ጨረር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከባቢ አየርን በአብዛኛው የሞሉት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሁለቱንም ያሳልፋሉ፤ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ግን ብርሃኑን አሳልፈው የሚወጣውን ሙቀት ይይዙና በየአቅጣጫው መልሰው ይለቁታል፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ ምድር ይመለሳል። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል ይህን በጋዞች መካከል ያለ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1859 በቤተ ሙከራ መለካት ጀምሯል።

እነዚህ ሙቀት አማቂ ጋዞች በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት «ግሪንሃውስ» የሚለው ስያሜ የተወሰደው ተክል ከሚለማበት የመስታወት ቤት ነው፤ እኔ ግን ማስረዳቱን ከዚያ አልጀምርም። የመስታወት ቤት የሚሞቀው በዋናነት የሞቀው አየር ወጥቶ በቀዝቃዛ አየር እንዳይተካ ስለሚዘጋበት ሲሆን፣ ጋዞቹ የሚይዙት ደግሞ አየሩን ሳይሆን ጨረሩን ነው። ስለዚህ ክዳኑ የተገጠመ ብልቃጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ «ምድር ማለት ይህች ናት» ማለትን አልወድም፤ ልጁ ሰማይ ላይ ክዳን እንዳለ ያስባል፣ አንዴ የያዘውን ሥዕል ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ብርድ ልብስ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ራሱ ሙቀት ሳያመነጭ ከሰውነታችን የሚወጣው ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያዘገያል።

ብርድ ልብሱ ጠላታችን አለመሆኑንም አብሬ እነግራታለሁ። እነዚህ ጋዞች ባይኖሩ ኖሮ የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆን ነበር፤ ያለው ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ቬነስ ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ የራቀች ሆና ሳለ፣ አየሯ 96 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነና እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ገጿ ከ460 ዲግሪ በላይ ይግላል።

«በእኛስ አየር ውስጥ ስንት አለ?» አለች። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በብዛት መቃጠል ከመጀመራቸው በፊት ከአሥር ሺህ የአየር ሞለኪውሎች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 3 አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ4 ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሃዋይ በሚገኘው ማውና ሎአ ተራራ ላይ የሚደረገው ልኬት በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያሳያል። እሷ ግን አላመነችም፤ ከአሥር ሺህ አራቱ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የሚገባ ጥያቄ ነውና በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም ጣል አድርጌ አማሰልሁት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ ስታይ ብርሃኑ ደብዝዟል፤ ሁለተኛውን ጠብታ የጨመረችው ራሷ ናት። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ብርሃኑን የሚያስቀረው ጥቂቱ ቀለም ነው።

እግረ መንገዴን፣ የኦዞን ንጣፍ መሳሳት ሌላ ጉዳይ መሆኑንም ነገርኋት፤ ኦዞን የሚከላከለው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ነው እንጂ ምድር የምትሞቀው ሙቀት በቀዳዳ እየገባ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትር ከመስኮቱ ውጭ ሰቅለን ጧት ጧት እያነበበች ትጽፋለች፤ ከቁጥሩም ጎን ሌሊቱ ጥርት ያለ ወይም ደመናማ እንደነበረ ታስቀምጣለች። ደመናም የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ይመልሳልና በደመናማዎቹ ሌሊቶች ማግሥት ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ትናንት ማታ ከመተኛቷ በፊት መስኮቱን ከፍታ ሰማዩን አየችና «ዛሬ ኮከብ ይታያል፤ ጧት ይበርዳል» አለችኝ።